ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሕፃን

ከባቲ ወገን መጥቶ በሐይቅ ወይም በአምባሰል ከተቀመጠ ቤተ ሰብ የተወለደ ሕፃን፥ በቤቱ ኦሮምኛ በትምህርት ቤቱ አማርኛ ይናገራል። ይህ ሕፃን ፀሐይን «ጠሀይ» ብሎ የጠራ እንደ ሆነ አንደበቱ የታመመ ይመስላል። ነገር ግን የጸ ድምፅ በኦሮምኛ የለም። (አማርኛ ብቻ የሚያውቀውስ ባላገር «ጠሀይ» ይል የለምን?)

ሁለት ቋንቋ መናገር አንደበትን አያዘገይም። እውነተኛው መዘግየት በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ በአንዱ ብቻ የታየው ግን ብዙውን ጊዜ ቋንቋውን ካለመልመድ የመጣ ነው። በአምባሰል፥ በውጫሌ በ1881 ዓ. ም. የተፈረመው ውል አማርኛውና ኢጣልያንኛው ባለመስማማቱ ያመጣው ጣጣ የታወቀ ነው፤ ሕፃኑንም በአንድ ቋንቋ ብቻ ሰምቶ መፍረድ ከዚህ የራቀ ስሕተት አይደለም።

የንግግር ሕክምና ዐዋቂ አስቀድሞ የሕፃኑን ጆሮ ያስመረምራል፤ በሁለቱም ቋንቋ ያደምጠዋል። ከዚያ በኋላ የጐደለውን ድምፅ መጀመሪያ ለብቻው፥ ቀጥሎ በቃል፥ ኋላም በዓረፍተ ነገር ያስለምደዋል፤ የንባብ መምህር ተማሪውን ከቁጥር ወደ ግዕዝ፥ ከግዕዝ ወደ ውርድና ወደ ቁም ንባብ እንደሚያወጣው ያለ ነው። አለንጋ ግን ድምፅ አያስተምርም።

እንዲህ ያሉ ዐዋቂዎች በአገራችን ገና ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የትምህርትና የጤና ሹማምንት፥ ሕፃኑ ከክፍሉ ዝቅ ከመደረጉ፥ ወላጆቹም የቤታቸውን ቋንቋ ተዉ ከመባላቸው አስቀድሞ፥ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ እንዲያደምጠው ማዘዝ ይገባቸዋል።