አራስነቴን ላላስቀሩብኝ ጎረቤቴ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዛሬ ጠዋት ልብስ ሲያሰጡ በረንዳ ላይ ይህንኑ ጠይቄዎታለሁ፤ ቢሆንም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም።

ፊት ለፊት ላመሰግንዎ በሞከርኩ ቁጥር «ተይ እንጂ፣ ምን አደረግሁና!» ብለው ወሬውን ወደ ሽንኩርት ዋጋ ያዞሩታል። እንዳያቋርጡኝ በጽሑፍ አደረግሁት። በአደባባይ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰፈሩ ልጇን እጅግ ያለጊዜው የወለደች ሴት አለች፤ ጎረቤቶቿም ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው ከበሯ ይመለሳሉ። እርስዎ አልተመለሱም። ያደረጉትን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው።

ልጄ የተወለደችው በ27 ሳምንቷ ነው፤ ክብደቷ 920 ግራም። የደም ግፊቴ አልወርድ ብሎ ሐኪሞቹ «ከዚህ በላይ ብንጠብቅ ሁለታችሁንም እናጣለን» አሉ። ለሕፃኗ ሳንባ የሚሰጠውን መርፌ ወጉኝና ወደ ቀዶ ጥገና ገባሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ28 ሳምንት በፊት የሚወለዱትን እጅግ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ብሎ ለብቻ ይመድባቸዋል። በአገራችን የሕክምና አሠራር ደግሞ ውርጃና ወሊድ የሚለዩበት መስመር ይኸው 28ኛው ሳምንት ነው። ልጄ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ሆና አለቀሰች።

ሰዉ የተቸገረው እዚህ ላይ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንዳይሉኝ ሕፃኗ መስተዋት ውስጥ ናት፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንዳይሉኝ በሕይወት አለች። ዕድራችን ለሞት ደንብ አለው፣ ለእንዲህ ያለው ግን የለውም። አንዳንዶቹ እኔ እየሰማሁ «የሰባት ወር እንኳ ቢሆን» አሉ። አንዳንዶቹ ልጄ እየተነፈሰች «ሌላ ይተካልሻል» አሉኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቀሩት ዝም አሉ።

እርስዎ ባዶ እጄን ከሆስፒታል በተመለስኩ ማታ ገንፎ ይዘው ገቡ። ቅቤው መሀሉ ላይ ሞልቶ፣ በርበሬው ተለውሶ፣ ልክ ሕፃን ከጎኔ እንደተኛች ሁሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ማን አላችኋት?» አሉ። አልበላም ስል «አራስ ነሽ፤ አራስ ትበላለች» ብለው ማንኪያውን አስያዙኝ። ልጇ እቤት ያልገባች እናት አራስ መሆኗን እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር። ሰውነቴ ግን ያውቀዋል፦ ደሙም ይፈሳል፣ ስፌቱም ያማል፣ ጡቴም ልጅ ኖረች አልኖረች ቀኑን ጠብቆ ያግታል።

ያ ወተት ደግሞ መድኃኒት ነበር። ነርሶቹ እንገሩ እንዳይባክን አስጠንቅቀውኛል፤ ሕፃኗ በአፍንጫዋ በገባች ቀጭን ቱቦ የምትወስደው በሲሪንጅ እየተለካ ነው፣ መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ። ወተቱ እንዳይነጥፍ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር በእጄ ማለብ ነበረብኝ። ኩባያዎቹን ያፈሉልኝ እርስዎ፣ ፍሪጁ የእርስዎ፣ አጥሚቱ የእርስዎ። ጠዋት ስወጣ «አራስ ብቻዋን አትወጣም» ብለው እስከ ታክሲ ተራው ይሸኙኝ ነበር። ደጉ ልማዳችን አራስ እቤት ትቀመጥ ይላል፤ የእኔ ነገር ግን በየቀኑ ብርድ ላይ መውጣት ሆነ። ልማዱን ሳይጥሉ ወደ እኔ ችግር አመጡት።

አሁን በኋላ ያነበብኩትን ልንገርዎ፤ እርስዎ ሳያነቡ ስለሠሩት።

ያ የተወጋሁት መርፌ፣ ስቴሮይድ የሚሉት፣ የተገኘው በበግ ላይ ነው። በኒውዚላንድ ግራሃም ሊጊንስ የሚባል ሐኪም በበጎች ላይ ሲመራመር፣ ስቴሮይድ የተሰጣቸውና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ግልገሎች በዚያ ዕድሜያቸው ሊተነፍሱ የማይገባቸው ሆነው ሳለ ሲተነፍሱ አየ። ከባልደረባው ከሮስ ሃዊ ጋር በእናቶች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1972 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ይህን ስነግርዎ «በግ ደግ እንስሳ ነው» ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ።

ልጄን ከደረቴ ላይ ያሰሩልኝ አሠራር ደግሞ የመጣው ከእጥረት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የሚሠራበት የእናቶች ሆስፒታል የማሞቂያ ማሽን አነሰው፤ ሕፃናቱ ተደራርበው ሲተኙ ኢንፌክሽን ይጋቡ ነበር። ዶክተሩ ሕፃናቱን ራቁታቸውን ከእናታቸው ገላ ጋር አጣብቆ በጨርቅ ማሰር ጀመረ፤ ዶክተር ሄክቶር ማርቲኔዝም ሥራውን አብሮት አስፋፋው። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይኸው ነው። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሳዬ ካሴ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጥንተውት፣ ቶሎ ከእናታቸው ደረት ላይ የዋሉት ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ በብዛት በሕይወት እንደሚተርፉ በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በአምስት የአገራችን ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት ግማሽ ለሚጠጉት ዋናው ምክንያት የመተንፈስ ችግር እንደሆነ አገኘ፤ ሞቱን በማባባስ አንደኛው ግን ብርድ ነበር፤ ከሟቾቹ ከ10 ሰባቱ ያህል ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ደረት ላይ እንዲውሉ ይመክራል።

በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ፦ ያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ልጄ ትንፋሿ ረጋ ብሎ ወደ ካንጋሮ ክፍል ስንዛወር፣ ሌሊትና ቀን ወንበር ላይ ደገፍ ብዬ ከመቀመጥ በቀር ሥራ አልነበረኝም። ቤቴ ግን ነበረ። ትልቋ ልጄ ጠዋት ፀጉሯ ይሠራል፣ ቁርሷ ይቋጠራል፣ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ሊጡ ይቦካል፣ እንጀራ ይጋገራል። ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ የሚባለው መድኃኒት የትኛው ፋርማሲ እንዳለ ይጠየቃል። ውኃ በሚመጣበት ሌሊት በርሜል ይሞላል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ከሌለ እናት ከወንበሩ ትነሣለች፤ ስትነሣ ሕፃኗ ወደ ብርዱ ትመለሳለች። እትዬ፣ ለልጄ ደረቴን ሰጠኋት፤ ሰዓቱን የሰጧት ግን እርስዎ ነዎት።

ባለቤቴንም የመለሱት እርስዎ ነዎት። እንደ ብዙ ወንዶች በሩ ላይ ቆሞ ገንዘብ ማምጣት ብቻ የእሱ ድርሻ መስሎት ነበር። «አንተ ደረት የለህም እንዴ?» አሉት፣ ሰው በተሰበሰበበት። አፈረ፤ ነገር ግን በማግስቱ ሸሚዙን ከፍቶ ተቀመጠ። እሱ ሲይዛት እኔ ታጥቤ ጋደም ማለት ቻልኩ። አባት ልጁን ማቀፍ በመመሪያው ያለ ነገር ነው፤ በመመሪያ የማይሆነውን በአንድ ተረብ ጨረሱት።

ስለ ሁለተኛው ሳህንም ልጻፍ። ከጎኔ ከሩቅ ገጠር በሪፈር የመጣች ልጅ እግር እናት ነበረች፤ በከተማው ውስጥ የምታውቀው ሰው የለም። አንድ ቀን «ጎንሽ ያለችው ምን ትበላለች?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሚላከው ምሳ ለሁለት ሆነ። የእሷ ልጅ አልተረፈም። ክርስትና ሳይነሣ ለሚሞት ሕፃን ልማዳችን ለቅሶ አያስቀምጥም፤ በጸጥታ ይቀበራል፣ እናትየዋም «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ተብላ ትታለፋለች። እርስዎ ግን ነጠላዎን አዘቅዝቀው መጡ። አጠገቧ ተቀምጠው አለቀሱላት፣ የልጇን ነገር እንድታወራ ጠየቋት። ያን ቀን ልጄ ደረቴ ላይ ነበረችና አብሬያችሁ ልነሣ አልቻልኩም። ለእኔ ካደረጉት ሁሉ ይልቅ ለእሷ ያደረጉትን ነው ቁጭ ብዬ የማስበው።

ሐኪሞቹ ሂዱ ካሉን በኋላ ሌላ ሥራ ተጀመረ። ልጄ ክብደት ብትጨምርም ሳንባዋ ገና ስስ ነው፤ ጉንፋን እንኳ ሊመልሳት ይችላል። እንግዳ ደግሞ ይመጣል፣ አለመምጣትም አይቻልም። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ጉንጭ መሳም፣ እጅ ሳይታጠቡ ማቀፍ፤ ደስታችንን የምንገልጽባቸው ነገሮች ሁሉ ለእሷ አደጋ ነበሩ። እኔ ሰው እንዳላስቀይም ስጨነቅ እርስዎ ቡናውን ወደ ቤትዎ አዛወሩት። ጠያቂው ወደ እርስዎ ይገባል፣ ዕጣኑም ጀበናውም እዚያ፣ ወሬውም እዚያ፤ ከዚያ በሳሙና የታጠበ አንድ አንድ ሰው ከበሬ ላይ አይቶን ይመለሳል። ሳል ያለበትን «አንተ በሚቀጥለው ሳምንት» ይሉታል። ማንም ተቀይሞ አልሄደም፣ ማንም ጉንፋን አላመጣም።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ጎረቤቶች ሁሉ ደግሞ በእርስዎ ፈቃድ አንድ ቃል ልጨምር። እንዲህ ያለች እናት ካጋጠመቻችሁ እንደ አራስ ያዟት። የልጇን ስም ጠይቁ። ይኖራል አይኖርም የሚለውን ለሐኪምና ለእግዚአብሔር ተዉት። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» አትበሏት፤ የምትፈልገውን ለማሰብ ጊዜ የላትም። ሥራ ምረጡና ያዙ፦ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ወይም እንጀራውን፣ ወይም ሐሙስና ቅዳሜን። የያዛችሁትን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አትልቀቁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ከሆስፒታል ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል፤ ጠያቂ ግን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ይሳሳል። በዓለም ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ያለጊዜያቸው ተወልደዋል፤ አንዷ ከእናንተ ደጅ ሩቅ አትሆንም።

ልጄ ዘንድሮ ሦስት ዓመቷ ነው። የሄደችው ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው፤ ሐኪሟ ዕድሜዋን ይቆጥሩ የነበረው ልትወለድ ከሚገባት ቀን ጀምሮ ስለነበር እሳቸው አልተጨነቁም። ዓይኗም ጆሮዋም ታይቶ ደህና ተብሏል። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ገና ከደረታችን አትወርድም ነበርና የንስሐ አባታችንን እርስዎ ሄደው አነጋገሩልን፤ ጠንከር ስትል ክርስትና ተነሣች፣ ያነሷትም እርስዎ ሆኑ። ወንድሞቼ ከዘመድ ይሁን ብለው ነበር። እኔ ግን ቀድሞ የሆነውን ቤተ ክርስቲያን ስሙን ትስጠው አልኩ።

ብድርዎን መክፈል አልችልም፤ ልሞክርም አልፈልግም፣ እንደማይወዱት አውቃለሁ። ከታች ፎቅ ያለችው ልጅ ግን ባለፈው ሳምንት በ31 ሳምንቷ ተገላግላ ሆስፒታል ናት። ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ ነው፤ ምሳውን ከእኔ ቤት እልካለሁ። የቀሩትን ቀናት እርስዎ እንዳይዟቸው፤ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ ሌሎች ሴቶች ይዘዋል። ገንፎውን ብቻ ለእርስዎ ትተንልዎታል፣ እንደ እርስዎ የሚያገነፋ ስለሌለ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎ።

አክባሪዎ፣
የክርስትና ልጅዎ እናት