እንሰቱና ፎቁ

ለመስቀል ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ የገባ ሰው የገዛ ሰፈሩ ጠፍቶት መንገድ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ትናንት እንሰት የነበረበት ጓሮ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል።

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ይህን ለውጥ ከአውሮፕላን በሚላክ ሌዘር ስለመለካት ነው። መሣሪያው የብርሃን ምት ወደ መሬት ይልካል፤ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ምቱ ደርሶ እስኪመለስ ከፈጀው ቅጽበት ርቀቱ፣ ከርቀቱም የእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታ ይሰላል። በተለያዩ ዓመታት የተደረጉ ሁለት በረራዎች ሲነጻጸሩ አዲስ የተሠራው፣ የፈረሰውና ፎቅ የተጨመረበት ቤት ይለያል።

እኔን የያዘኝ የእንሰቱ ነገር ነው። ቅጠሉ ያለበሰውን ጓሮ ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ዘልቆ አያሳይም። ሌዘሩ ግን ከአንድ ምት ብዙ ነጸብራቅ ሊቀበል ይችላል፦ አንዱን ከቅጠሉ፣ ሌላውን በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ ካገኘው አፈር። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚመለሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ነው። ያደገው ተክል ይሁን ቤት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ቡታጅራ የዘቢዳር ተራራ ግርጌ ናት። የጎርፍ መውረጃ ላይ ግድግዳ ሲቆም ክረምት ሳይገባ ማወቅ ሕይወት ያድናል፤ ጽሑፉን ያስቀደምነውም ስለዚህ ነው። የሰፈራችሁ የቆየ ፎቶግራፍ ካላችሁ ላኩልን፤ ለሚቀጥለው እትም እንፈልገዋለን።