«የምደብቀው ነገር የለኝም» አንበል



ሰሞኑን ባልባላ ቡና ላይ ተቀምጠን የስልክ ወሬ ተነሣ። አንድ ወንድማችን ስልኩ «አፕዴት አድርግ» ባለው ቁጥር «በኋላ» እያለ ያልፈዋል። «ስደተኛ ነኝ፤ ባንክ የለኝ፣ ምሥጢር የለኝ፤ ማን ምን ይወስድብኛል?» አለ። ብዙዎቻችን እንደሱ እናስባለን። እኔ ግን አልስማማም። ስልካችን ውስጥ አገር ቤት የቀረች እናት ቁጥር አለ፣ ኦቦክ የደረሰ ወንድም ድምፅ አለ፣ የስደተኛ ወረቀታችን ፎቶ አለ። የሚሰረቀው የእኛ ብቻ አይደለም።

ሁለት እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ አንድ ጥናት አወጣ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሌላም አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክ ነበር። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽን አፕዴት አድርጉ» ይላል። የሚጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነው። ጥናቱ ዱካው ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያመራ ጽፏል። ከታለመባቸው ሰዎች አንዱ ያኔ ኦ.ኤም.ኤን.ን ይመራ የነበረው ጃዋር መሐመድ ነው።

ሁለተኛው የባሰ እኛን ይነካል። በጃንዋሪ 2022 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰርቨሩ መሰበሩን ተናገረ። ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ነበረበት፤ በጦርነትና በስደት ከቤተሰብ የተለያዩ፣ የጠፉ፣ የታሰሩ ሰዎች። የሶፍትዌሩ ቀዳዳ ታውቆ መድፈኛው ወጥቶ ነበር። በጊዜ አለመጫኑን ኮሚቴው ራሱ አምኗል። ሰርጎ ገቦቹ ከገቡ እስኪታወቅባቸው 70 ቀን አለፈ።

አያችሁ? አንዱ ወጥመድ የውሸት አፕዴት ነው፤ ሌላው በር የተከፈተው እውነተኛው አፕዴት ስለዘገየ ነው። ስለዚህ በዋትሳፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም በተላከ ሊንክ ምንም አትጫኑ። ሞባይል ቤት በዜንደር የሚሞላላችሁንም አፕ ተዉት። ከስልኩ ሴቲንግና ከፕሌይ ስቶር የሚመጣውን ግን አታሳድሩት። ዳታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። የወረቀታችሁን ፎቶም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ያገለገለ ስልክ ስትልኩልን አሁንም አፕዴት የሚቀበል መሆኑን እዩልን።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣታችንን አሻራ፣ ፊታችንን ፎቶ የሚያነሣን ድርጅት ሁሉ መረጃችን የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ሊነግረን ይገባል። ከተሰረቀም ቀድመን መስማት ያለብን እኛ ነን። ይህን መጠየቅ ውለታ መርሳት አይደለም። ዱቄትና ዘይት ስለተቀበልን ስማችንን አልሸጥንም።

ያ ወንድማችን ቡናው ሳያልቅ ስልኩን አውጥቶ «በኋላ» ያለውን ነካው። እናንተስ?