«ውጊያ የለበትም» ለሚሉ ወላጆች



በደብረ ወርቅ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ሰዓት ሕፃናትን ቁርኣን አስቀራለሁ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ መቅረት አበዛ። በመጣ ቀን ደግሞ ዒሻ ተሰግዶ ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተን እሱ በር ላይ ተለጥፎ ትልልቆቹን ይጠብቃል። ቤታቸው ከመስጂዱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። አባቱን ጠርቼ «ይህ ልጅ ምን አገኘው?» ብለው ሳቅ ብሎ፣ «ግራኒ ነች እኮ ኡስታዝ! በስልኬ የሚጫወታት ጌም ነች። አያስቡ፣ ውጊያ የለበትም። ሰው አይገድልበት፣ ደም አያፈስበት» አለኝ።

ይህችን «ውጊያ የለበትም» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ከብዙ ወላጆች አፍ ሰምቻታለሁ። ጠመንጃና ታንክ ያለበትን ጨዋታ ከልጁ እጅ የነጠቀ አባት ይህኛውን ሲያይ እንደ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ቆጥሮ ያልፈዋል። የዛሬው ሙግቴ ከዚህች ቃል ጋር ነው።

በወሬ እንዳልፈርድ ጨዋታውን ራሴ ሞከርኩት። ግራኒ ማለት አያት ማለት ነው። ዲቪሎፐር በሚል ስም የሚሠራ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሲሆን፣ ከጎግል መደብር ብቻ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተወርዷል። ተጫዋቹ ሁሉን ነገር የሚያየው በራሱ ዓይን እንዳየው ሆኖ ነው። በአንድ ጨለማ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ይነቃል። የውጭው በር በብዙ ዓይነት ቁልፍ ተከርችሟል። ቤቱ ውስጥ አንዲት ሽበታም አሮጊት ዱላ ይዛ ትዞራለች። ኮሽ ያለን ነገር ሁሉ ትሰማለች። ዕቃ ከእጅ ካመለጠ፣ ወለሉ ሲረገጥ ከጮኸ፣ ትመጣለች። ያኔ ያለው ምርጫ አልጋ ሥር መግባት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ተሸጉጦ ትንፋሽን መዋጥ ነው። ካገኘችው በዱላዋ ትጥለዋለች፤ በማግሥቱ እዚያው አልጋ ላይ ይነቃል። የተሰጠው አምስት ቀን ነው። እኔ አምስቱንም ቀን በሩብ ሰዓት ውስጥ ፈጀኋቸው። ተማሪዎቼ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

አባትየው ደም የለም ያለው ስሕተት ነው፤ የአሮጊቷ ቀሚስ ደም የነካው ነው። ውጊያ የለም ያለው ግን ከሞላ ጎደል እውነት ነው። በቤቱ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ መሣሪያ ቢኖርም አሮጊቷን ለጥቂት ጊዜ ቢጥላት ነው እንጂ አይገድላትም፤ ተነሥታ እንደገና ትመጣለች።

ለመሆኑ መሣሪያውን ማን ነሳው? ስለ ምንስ ነሳው? ይህ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ድርጅት «አምኔዥያ» የሚል ጨዋታ አውጥቶ ነበር። በዚያ ውስጥ ተጫዋቹ በአሮጌ ግንብ ባዶ እጁን ይለቀቃል፤ ጭራቁን አተኩሮ ማየት፣ በጨለማ መቆየት እንኳ የባለታሪኩን አእምሮ ያናጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የካናዳው ሬድ ባሬልስ «አውትላስት»ን አመጣ። ባለታሪኩ ጋዜጠኛ ሲሆን የያዘው ካሜራ ብቻ ነው። በጨለማ የሚያየው በካሜራው ነው፤ የካሜራው ባትሪ ደግሞ ያልቃል። ከመሮጥና ከመደበቅ በስተቀር ሌላ መንገድ የለውም።

እነዚህ ሰዎች መሣሪያውን ከልጁ እጅ ያወጡት እንዳይገድል አዝነው አይደለም። በደንብ እንዲፈራላቸው ነው! ይህን ለመረዳት የኮምፒዩተር ዕውቀት አያሻም። ዱላ የያዘ እረኛ ከጅብ ጋር ይፋጠጣል፤ ዱላውን ቀሙትና በዚያው መንገድ በዚያው ሌሊት ስደዱት፣ የቁጥቋጦው ጥላ ሁሉ ጅብ ይሆንበታል። ስለዚህ «ውጊያ የለበትም» የምትለው ቃል ለጨዋታው የንጽሕና ምስክር ልትሆን አትችልም። ዋናው መርዙ የተቀመጠው እዚያው ላይ ነውና።

ፍርሃትን ለቀልድ ማዋል በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ጉዞ ላይ ከሶሓባዎች አንዱ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ሌላው ገመዱን በጨዋታ ቢወስድበት ደንግጦ ነቃ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ባዩ ጊዜ ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ያ እንግዲህ ትልቅ ሰው ነበር፤ ነገሩም አንድ ገመድ።

በባሕር ዳር የሚማር የእህቴ ልጅ በዚህ ይከራከረኛል። «አጎቴ፣ እነዚህ ጨዋታዎች ትዕግሥት ያስተምራሉ፤ ከጨረስኩ በኋላ ልቤ ይረጋጋል» ይለኛል። አላስተባብለውም። እሱ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ ሲበቃው ስልኩን አጥፍቶ መብራቱን ያበራል። እናንተስ አያቶቻችሁ የጭራቅና የጅብ ተረት እየነገሩ አላሳደጓችሁም ወይ ለሚለኝም መልሴ አዎን ነው። አሳድገውናል። ነገር ግን ተረቱን የምትነግረን ሰው ፊታችንን እያየች ነበር። ከንፈራችን ሲንቀጠቀጥ ጅቡን ጉድጓድ ውስጥ ትከተውና ታስቀን ነበር። ስልክ የልጁን ፊት አያይም። የኛ ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው፣ ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነው።

ኢንተርኔት ስለሌለ አይደርስም የሚል ካለም ተሳስቷል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ ጨዋታው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ነበር። አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም።

እኛ ደግሞ ፍርሃትን በጨዋታ መፈለግ የሚያስፈልገን ሰዎች አይደለንም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በሞጣ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ ወሬው እኛ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ያን ሌሊት ልጆቼን ወስደው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያስተኙልኝ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። እስኪነጋ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠው አደሩ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በመጣው ጦርነትም ተኩስ በተሰማ ቁጥር «አልጋ ሥር ግቡ» እያልን ልጆቻችንን ያስገባናቸው እኛው ነን። አልጋ ሥር መግባት ለእነዚህ ልጆች ምን እንደሆነ የሚያውቅ ወላጅ ማታ ማታ ለመዝናኛ እንደገና ሲያስገባቸው እንዴት አይከብደውም?

ልጅ የፈራውን በጨዋታ ያወጣዋል የሚል አለ። እውነት ነው፤ ልጆች ጦርነቱንም ቀብሩንም ሲጫወቱ አይቻለሁ። ግን እነሱ የሞተውን ሰው ራሳቸው ያስነሡታል፣ እናት ስትጠራ ጦርነቱን ትተው ወደ እራት ይሮጣሉ። እዚህ ላይ የሚወስነው ስልኩ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንደ ፈትዋ እንዳትቆጥሩት። ፈትዋ የሚሰጡ ዓሊሞች አሉ፤ እኔ የሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ስልክ ሰባብሩም አላልኩም። ልጁን መደብደብማ አይታሰብም፤ ስልኩን ለልጁ የሰጠነው እኛ ነን። ደክሞን ከሥራ ስንገባ ጸጥታ ፈለግን፣ ጸጥታውን በስልክ ገዛነው፤ ልጁ ለምን ዝም እንዳለ ግን አልጠየቅንም። ይህ ጨዋታ ዝም ማለትን የሚያስተምር ነውና በእርግጥም ዝም አለልን። አባትየውን ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጥና አብረኸው ተጫወት፣ ከዚያ በኋላ «ውጊያ የለበትም» ማለት ከቻልክ ንገረኝ። እስካሁን አልመጣም።

የመጡት የልጁ አያት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ሌሊት ለውዱእ ሲነሡ እጃቸውን ይዞ የሚያወጣቸው፣ ውኃ የሚያፈስላቸው ይህ ልጅ ነበር። አሁን ምርኩዛቸው መሬት ሲነካ ከሰማ ተሸፋፍኖ እንደተኛ ይሆናል፤ ቢጠሩት አይመልስም። «ስልኩ ውስጥ ምን አይቶ ነው ከኔ የሚሸሸው?» ብለው ጠየቁኝ።

አሮጊት ናት ማለት አቃተኝ። አላህ ይማረኝና «ጅብ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ጅብማ ቢሆን ወደኔ ይሸሽ ነበር» አሉኝ።