የበጀት ፍጥጫና የቁጣ ድምፅ

የአሜሪካ ኮንግረስ በጀቱን በወቅቱ ሳያጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተዘጉ ቁጥር፣ ለሁለቱም ታላላቅ ፓርቲዎች ተገቢው ቅጣት ድምፅን ለሦስተኛ ፓርቲ መስጠት ነው የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ሐሳቡ ከእውነተኛ ቁጣ የመነጨ ቢሆንም ቅጣቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ አይመረምርም።

እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ለ35 ቀናት በዘለቀው መዘጋት፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለድንበር ግንብ በጠየቁት 5.7 ቢሊዮን ዶላር ሰበብ 800,000 ያህል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ከርመዋል። ይሁንና ለዚህ ዓይነቱ ፍጥጫ በር የከፈተው የፖለቲከኞች ግትርነት ብቻ አይደለም። ያልተፈቀደ ወጪን የሚከለክለው ሕግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በጀት ያልጸደቀለት መሥሪያ ቤት ሥራ ማቆም አለበት የሚለውን ጥብቅ ትርጓሜ የሰጡት ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ በ1980 ናቸው፤ ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቶቹ በጀቱ መጽደቁ አይቀርም በሚል ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ሠራተኛውን መያዣ አድርጎ መደራደርን የሚያስቀረው፣ አዲስ በጀት እስኪጸድቅ ያለፈው ዓመት ወጪ በራሱ እንዲቀጥል የሚደነግግ ሕግ ነው፤ ይህን ሕግ የሚያወጣው ደግሞ በምክር ቤቶቹ ወንበር ያለው ወገን ነው።

የግል ዕጩው ሮስ ፔሮ የበጀት ጉድለትን ዋና አጀንዳቸው አድርገው በ1992 የፕሬዚዳንት ምርጫ ከሕዝቡ ድምፅ 19 በመቶ ገደማ ቢያገኙም፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች አንደኛ የወጣው ዕጩ ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጡትን የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ስለሚወስድ አንድም ወኪል መራጭ አላገኙም፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ሁለቱ ፓርቲዎች ተፋጠው መንግሥት ለ21 ቀናት ተዘጋ። በ2000 የፕሬዚዳንት ምርጫ በፍሎሪዳ የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩው ራልፍ ኔደር ከ97,000 በላይ ድምፅ ሲያገኙ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ዴሞክራቱን አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነበር። የኔደር ደጋፊዎች ሁሉ ጎርን ይመርጡ ነበር ማለት ባይቻልም፣ ውጤቱን ለመለወጥ ከመቶው አንዱ እንኳ ይበቃ ነበር።

መራጩን «ድምፅ አባካኝ» እያሉ የሚወቅሱት ፓርቲዎችም የምርጫ ደንቡን የመለወጥ ሥልጣን በእጃቸው ሳለ ስለማይጠቀሙበት ወቀሳቸው ክብደት የለውም። በሜይን ግዛት በ2010 ድምፁ ተከፋፍሎ 38 በመቶ ገደማ ያገኘ ዕጩ ገዥ ከሆነ በኋላ፣ ዕጩዎችን በምርጫ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ የሚያስችለውን ሥርዓት በ2016 ያጸደቀው ራሱ ሕዝቡ ነው። ሆኖም የግዛቱ ሕገ መንግሥት ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ስለሚል፣ አዲሱ ሥርዓት ለፌዴራል ምርጫዎች ሲሠራ ቅሬታውን ለቀሰቀሰው ለገዥው የመጨረሻ ምርጫ ግን አይሠራም።