«አይከፈትም» ያለው ማነው?

«ይሄ አይከፈትም ወንድሜ፤ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል።» ባትሪው የደከመ ስማርት ሰዓት ይዞ ወደ ሱቅ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ሻጩ በልበ ሙሉነት ይናገረዋል፣ ባለቤቱም ሳይከራከር ይቀበለዋል። ለግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ገዝተን የምንገባ፣ የስልክ ባትሪ ሲደክም «አስቀይረው» ተባብለን የምንመካከር ሰዎች እጃችን ላይ ያለው ሰዓት ላይ ስንደርስ ዝም ብለን መሳቢያ ውስጥ እንወረውረዋለን። ይህ ፍርድ መሠረት የለውም ባይ ነኝ። ሰዓቱ ለመክፈት አስቸጋሪ የሆነው አምራቾቹ እንዲያስቸግር ስለፈቀዱ ነው።

ከባትሪው እንነሣ። የ44 ሚሊሜትሩ አፕል ዋች ሲሪስ 6 ባትሪ 304 ሚሊአምፕ-ሰዓት ገደማ ይይዛል። የዛሬ ስልኮች አራት ሺህና አምስት ሺህ ይይዛሉ። ትንሽ ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ያለቀ በየቀኑ ቻርጅ ይደረጋል፣ በየቀኑ የተሞላ ሊቲየም ደግሞ ቶሎ ያረጃል። አፕል ራሱ ባትሪው አንድ ሺህ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ከተሞላ በኋላ ከመነሻ አቅሙ እስከ 80 በመቶ እንዲይዝ ተደርጎ እንደተሠራ ይገልጻል። ባትሪውን በየቀኑ ለሚጨርስ ሰው ይህ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። እስከዚያ ድረስ ስክሪኑ አንድ ጭረት ላይኖረው ይችላል፤ የልብ ምቱንም እርምጃውንም እንደ መጀመሪያው ቀን ይቆጥራል። እንግዲህ መቼ እንደሚደክም በፋብሪካው ዘንድ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ክፍል አለ። ከሁሉም ጠንክሮ በሙጫ የሚታሸገው ያው ክፍል ነው።

አምራቾቹ ለምን ሲባሉ መልሳቸው ውኃ ነው። ካልታሸገ ውኃ ይገባዋል ይላሉ። የሮሌክስ ሰብማሪነር እ.ኤ.አ. በ1953 ለጠላቂዎች ሲሠራ የኋላ ክዳኑ በጥርስ የሚጠብቅ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ይፈታዋል፣ የጎማ ቀለበቱን ይቀይራል፣ መልሶ ይገጥመዋል። ካሲዮ በ1983 ያወጣው ጂ-ሾክ 200 ሜትር ጥልቀት እንዲቋቋም የተሠራ ሲሆን ያውም ድንጋዩ ይቀየራል። ስማርት ሰዓት ከእነዚህ ይከብዳል ቢሉኝ እስማማለሁ፤ የሚነካ ስክሪን፣ አንቴና፣ ከሥር የልብ ምት የሚያነብ መስታወት አለው፣ ቀጭን ሁንም ተብሏል። ነገር ግን ሙጫውም ዘላለማዊ አይደለም። ውኃ መከላከያው ቋሚ እንዳልሆነና በጊዜ ብዛት ሊዳከም እንደሚችል የሚያስጠነቅቁት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። በጊዜ የሚዳከም ነገር ደግሞ የሚታደስበት መንገድ ሊኖረው በተገባ።

የጉግልን ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው ፒክስል ዋች በ2022 ሲወጣ ስክሪኑ ቢሰበር እንኳ ኩባንያው መለዋወጫም ጥገናም አላቀረበም ነበር። በ2025 የወጣው ፒክስል ዋች 4 ግን በብሎን የሚፈታ፣ ባትሪውም ስክሪኑም የሚቀየር ሆኖ መጣ። መልኩ ያው ክብ ነው፣ ዋናም ይዋኝበታል። በሦስት ዓመት ውስጥ የፊዚክስ ሕግ አልተሻሻለም።

«ባትሪው ቢቀየርም ሶፍትዌሩ ያረጃል» የሚል ሌላ መከራከሪያ አለ። እውነት ነው፣ አፕል በ2015 እስከ 17,000 ዶላር የሸጠው ባለ 18 ካራት የወርቅ ሰዓት በ2018 የወጣውን አዲስ ሶፍትዌር መቀበል አልቻለም። ይሁንና አዲስ ሶፍትዌር ያላገኘ ሰዓት ሰዓት መቁጠሩን አያቆምም። ባትሪ የሌለው ግን ምንም አይሠራም።

ዋጋው ራሱ ወደ አዲስ ግዢ ይገፋል። አፕል አሜሪካ ውስጥ የሰዓት ባትሪ ለመቀየር 99 ዶላር ያስከፍላል፤ ርካሹ አዲስ ሰዓቱ ደግሞ 249 ዶላር ነው። እህቷ ከዋሽንግተን ሰዓት የላከችላት አዲስ አበባ ያለች ልጅ ያንን 99 ዶላር መክፈል ብትፈልግ እንኳ የምትከፍልበት የአፕል መደብር እዚህ የለም። ስለዚህ ወደ ስልክ ጠጋኙ ትሄዳለች።

የጠጋኙን ጠረጴዛ በደንብ ያየ ሰው ነገሩ ከባድ ቢሆንም የሚቻል መሆኑን ይረዳል። ጠርዙን በብሎወር በልክ ያሞቀዋል፤ ከበዛ ስክሪኑ ይበላሻል፣ ካነሰ ሙጫው አይላቀቅም። ስስ ምላጭ ያስገባና ስክሪኑን በትንሹ ቀና ያደርገዋል። እዚህ ላይ እጅ የቸኮለ እንደሆነ ስክሪኑን ከሰውነቱ ጋር የሚያገናኘው ፍሌክስ ይበጠሳል፣ ሥራውም እዚያው ያበቃል። ባትሪው ራሱ ከሥሩ ተጣብቋል፤ በብረት ከተፈለቀቀና ከተበሳ ይጨሳል፣ ሊነድም ይችላል። አዋቂው በፕላስቲክ እየገፋ ቀስ አድርጎ ያነሣዋል። አሮጌውን ሙጫ ፍቆ፣ አዲሱን ባትሪ ሰክቶ ይዘጋል።

ችግሩ የሚመጣው ሲዘጋ ነው። በልኩ የተቆረጠው ማሸጊያ ገበያ ላይ ስለሌለ ጠጋኙ ከቱቦ ሙጫ ጨምቆ ይለጥፍና «ውኃ እንዳታስነኪው እንግዲህ» ብሎ ይሸኛታል። ባትሪውም በአካሉ ከነባሩ ጋር እኩል ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ተልቆ የታተመበት ሊሆን ይችላል። ከወር በኋላ ጤዛ ስክሪኑ ውስጥ ሲታይ «ድሮም አይከፈትም ተብሎ ነበር» ይባላል። ለጠጋኞቻችን ጥብቅና አልቆምም። ሳይሞክሩት እንችላለን የሚሉ፣ ምላጩን እንደ ቢላ የሚጠቀሙ አሉ፤ ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ቀና ያደረገውን ሰዓት «ትንሽ ቻርጅ አድርጊውና እንየው» የሚል ደግሞ ከነጭራሹ ሥራውን ቢተው ይሻላል። ቢሆንም ማሸጊያውን፣ መመሪያውንና ትክክለኛውን ባትሪ የከለከለ አምራች ጥገናው ተበላሸ ብሎ ሊከስ ምን ሞራል አለው?

አውሮፓውያን ነገሩን በሕግ ይዘውታል። በ2023 የጸደቀው የኅብረቱ የባትሪ ደንብ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ ያለ ተንቀሳቃሽ ባትሪ በተጠቃሚው እጅ የሚወጣና የሚቀየር እንዲሆን ያዛል። መለዋወጫ ባትሪውም የመጨረሻው ዕቃ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት በተመጣጣኝ ዋጋ መገኘት አለበት። ሆኖም ቀዳዳ ተትቶለታል፤ በዋናነት ውኃ በሚረጭበት ወይም በሚጠልቅበት ቦታ እንዲሠሩ የታቀዱ፣ የሚታጠቡ ዕቃዎች ባትሪያቸው በገለልተኛ ባለሙያ ብቻ እንዲቀየር ይፈቀድላቸዋል። ቀኑን ሙሉ በሸሚዝ እጅጌ ሥር ቢሮ የሚውል ሰዓት በዋናነት የውኃ ዕቃ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ እንደማይጠፋ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ያም ሆኖ በዚህ ቀዳዳ የሾለከ አምራች እንኳ ለገለልተኛው ጠጋኝ በር መክፈት ግዴታው ነው። ለአውሮፓ ተብሎ በብሎን የተሠራው ሞዴል በዱባይ በኩል እኛም ዘንድ ይደርሳል።

እዚህ ግን ሕግ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሥራ የለም። መርካቶ ለስማርት ሰዓት የሚሆን ማሰሪያ በየቀለሙ ተሰቅሏል፤ የስክሪን መሸፈኛው፣ ቻርጀሩ፣ የላስቲክ ልባሱ አለ። ባትሪና ማሸጊያ ሲባል «አናመጣም፣ ጠያቂ የለውም» ይላሉ። ጠያቂ የሌለው አይቀየርም ስለተባለ ነው፣ አይቀየርም የተባለውም ዕቃው ስለሌለ ነው። መኪና ስንገዛ ከቀለሙ በፊት መለዋወጫው ይገኛል ወይ ብለን ቶዮታ የምንመርጥ ሰዎች ለሰዓትም ያንኑ መጠየቅ አያቅተንም። የዚህ ሞዴል ባትሪ አለ? ማን ይቀይረዋል? ስንት ያስከፍላል? ሻጩ ሦስቱንም ካላወቀ፣ የዋጋው ክርክር ከዚያ ይጀመር።