ሰንጠረዡን ማን ያድሰዋል?

የቆየ የስትራቴጂ ጌም ታድሶ ሲወጣ ማስታወቂያው የሚያሳየን የጠራውን ሥዕል ነው። የጌሙ ነፍስ ያለችው ግን ሕጉ ውስጥ ነው፦ የትኛው ወታደር የትኛውን ይረታል፣ ወርቅና እንጨት በምን ፍጥነት ይሰበሰባል፣ ለስህተት የሚከፈለው ዋጋ ምን ያህል ነው። ስለዚህ አዳሹ ሥዕሉን፣ ድምፁንና አጨዋወት ማስተማሪያውን እንደ ልቡ ይለውጥ፤ ሕጉን ግን ያክብር፣ አሮጌውንም ከነጉድለቱ ያቆየው ባይ ነኝ።

2020 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሮጌውን የማጥፋትንም የማቆየትንም መንገድ አሳይቶናል። በጃንዋሪ የጌም ኩባንያው ብሊዛርድ የ2002ቱን ዋርክራፍት 3 «ሪፎርጅድ» ብሎ ሲያወጣ፣ አሮጌውን ገዝተው ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎች ሳይወዱ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ተዛወሩ፤ የደረጃ ውድድሩና ሌሎች የለመዷቸው ነገሮች ግን አብረው አልመጡም። ቁጣው በርትቶ ኩባንያው ገንዘብ እስከ መመለስ ደረሰ። በጁን ደግሞ ሌላው የጌም ኩባንያ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የ1995ቱን ኮማንድ ኤንድ ኮንከርና የ1996ቱን ሬድ አለርት አድሶ አቀረበ። ሥራውን ከያዙት መካከል የመጀመሪያዎቹን ጌሞች የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ተጫዋቹ ብቻውን ሲዘምት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከአዲሱ ሥዕል ወደ አሮጌው ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ኩባንያው የጌሞቹን ኮድ ለሕዝብ መክፈቱን ነው፤ ኮዱ በብዙ እጅ ያለ ጌም ባለቤቱ ቢለወጥም አይሞትም። የባለቤትነት ነገር ደግሞ ሩቅ አይደለም፦ በሴፕቴምበር 2025 የሳዑዲ ዐረቢያ የኢንቨስትመንት ፈንድ ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ ኩባንያ በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱ ተነግሯል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። በ1999 ሲወጣ ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው 13 ሕዝቦች መካከል ከሰሐራ በታች ያለ አንድም አልነበረም። በ2013 ታድሶ ከወጣ በኋላ፣ በ2015 በመጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገቡ፤ ሾቴል የያዙ ተዋጊዎች፣ የዮዲት ዘመቻ፣ ሲታዘዙ በአማርኛ የሚመልሱ ሰዎች። ይህ የሆነው የሕጉ መሠረት ስላልተነካ ነው። ጦር የያዘ እግረኛ ፈረሰኛን የሚረታበት ሚዛን ባለበት ስለቆመ አዲስ ሕዝብ ጨምሮ አሮጌውን ተጫዋች አለማስቀየም ተቻለ። በ2019ኙ እድሳት ለጀማሪ የጦር ስልት ትምህርት ተጨመረለት፤ ያለቀ እርሻም በራሱ እንደገና የሚዘራበት ምርጫ መጣ።

እዚህ ላይ አሮጌው ተጫዋች ይሟገታል፦ እርሻን በጊዜው ማስታወስም ችሎታ ነበር፤ እሱን ማቅለል ሕጉን መንካት አይደለም ወይ? ክርክሩ ክብደት አለው፤ ድንበሩም እንደምመኘው የጠራ አይደለም። ሆኖም እርሻ መቼ ይብዛ፣ ስንት ሰው ይመደብለት የሚለው ውሳኔ ዛሬም የተጫዋቹ ነው። የቀረለት የጣት ድካም ነው። ማስተዋል የሚጠይቀው ነገር እስካልተወሰደ ድረስ ለአዲሱ ሰው ሸክም ማቅለል አሮጌውን አያዋርደውም። እድሳት አንድ ዕቃ ሁለቴ መሸጥ ነው ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፦ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የማይከፈት ጌም ከነጭራሹ እንደሌለ ይቆጠራል።

መጥፋት ምን እንደሚመስል በራሳችን ሰንጠረዥ አይተነዋል። የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከዐረቦቹ ሻትራንጅ የመጣ ሆኖ «ወረራ» የሚባል አከፋፈት ነበረው፦ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጭፍራቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲገድል ነው። በፈረስ ወይም በደር (በቼዝ ሩክ በሚባለው) ማሸነፍ እንደ ተራ ነገር ይቆጠር ነበር፤ በፊል (በዝሆኑ) ያሸነፈ ግን ይመሰገን ነበር። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፋ፤ ቦታውን የያዘው ዓለም አቀፉ ቼዝ ወደ አሮጌው የሚመልስ ቁልፍ አልነበረውም። ሕጉ ግን ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት ተጽፎ ይገኛል። ይህን ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ለማደስ የሚያስቸግረው «ወረራ» የተባለው አከፋፈት ነው፤ ሁለት ሰዎች በተለያየ ከተማ ሆነው በአንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ ማን ቀድሞ እንደገደለ መዳኘት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በ1997 በስልክ መስመር ሞደም የሁሉንም ትእዛዝ ሰብስቦ በየኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ እያስፈጸመ ይህን ዓይነቱን ችግር ፈትቶታል። አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር ዛሬ መጀመር ይችላል።